አንድ ዶርም፣ አንድ ልማድ



የተሰጠኝ ርእስ «የተማሪዎች የአኗኗር ልማድና የሕይወት እርካታ» የሚል ነው። ተማሪ እንዲህ ያለ ርእስ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ሲያነብ ምን እንደሚጠብቅ አውቃለሁ፤ በጊዜ ተኙ፣ ስልክ አታብዙ፣ ጫት አትቃሙ፣ ስፖርት ሥሩ። ይህን ምክር ግን ከእናቶቻችሁ ጠግባችሁ ነው የመጣችሁት፤ ሻንጣ ሲያሥሩላችሁ አንዴ፣ መናኸሪያ ሲሸኟችሁ ደግሞ ሌላ ጊዜ ነግረዋችኋል። እኔ ያንኑ ልደግምላችሁ አልመጣሁም። ግቢ ውስጥ ልማድ የምንለው ነገር ከአንድ ተማሪ ይልቅ የዶርሙ ነው፤ ስለዚህ ተማሪውን ነጥሎ መምከርም ሆነ መውቀስ ብዙ አያራምድም የሚል ክርክር ይዤ ነው የቀረብኩት። የማትስማሙ ካላችሁ በመጨረሻ እንሟገታለን።

አስቀድመን እርካታ ስንል ምን ማለታችን እንደሆነ እንግባባ። ኤድ ዲነር የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ምሁር በ1985 እ.ኤ.አ. ከባልደረቦቹ ጋር አንድ አጭር መጠይቅ አውጥቷል። ያለው አምስት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። ሕይወትህ ከምትመኘው ጋር ምን ያህል ይቀራረባል፣ ኑሮህ እንዴት ነው፣ ዋና ዋና የምትላቸውን ነገሮች አግኝተሃል ወይ፣ እንደገና የመኖር ዕድል ብታገኝ ምን ያህሉን ትለውጥ ነበር የሚል ይዘት አላቸው። መላሹ ለእያንዳንዱ ከ1 እስከ 7 ነጥብ ይሰጣል፤ ዝቅተኛው ድምር 5፣ ከፍተኛው 35፣ መካከለኛው 20 ነው። መጠይቁ ዛሬ ስቀሃል ወይ፣ አኩርፈሃል ወይ ብሎ አይጠይቅም። ሰው ሕይወቱን በጠቅላላው ፊቱ አስቀምጦ ፍርድ እንዲሰጥ ነው የሚያደርገው።

ልዩነቱ ለእናንተ ቅርብ ነው። የ12ኛ ክፍል ውጤት የወጣበትን ቀን አስታውሱ። ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ውስጥ በተሰጠው የ2014 ዓ.ም. ፈተና 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። በዚህ ወንፊት አልፎ ግቢ የገባ ልጅ ሰፈሩ እልል ብሎለታል፤ ያ ደስታ ነው። ያው ልጅ ግቢ ሲደርስ ግን አጠገቡ ያለው ሁሉ ከየትምህርት ቤቱ አንደኛ የወጣ ነው። የመጀመሪያው ሚድ ውጤት ሲለጠፍ ከመካከል በታች ራሱን ያገኘዋል። ቀን ከጓደኞቹ ጋር እየተሳሳቀ፣ በሆዱ ግን «ሕይወቴ እንዳሰብኩት አልሆነም» የሚል ፍርድ ያሳልፋል። ሳቁም ፍርዱም እውነት ናቸው። የዛሬው ጉዳያችን ፍርዱ ነው።

ልማድና ይህ ፍርድ ይገናኛሉ ወይ? ይገናኛሉ። በ2009 እ.ኤ.አ. በታተመ አንድ ሰፊ ጥናት ከ21 አገሮች የተውጣጡ 17,246 የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ስለ ልማዳቸውና ስለ እርካታቸው ተጠይቀው ነበር። በሕይወታቸው የረኩት ተማሪዎች ሲጋራ ባለማጨስ፣ የአካል እንቅስቃሴ በማድረግ፣ ፍራፍሬ በመብላትና ቅባት በመቀነስ ከሌሎቹ ብልጫ ታየባቸው። እስከዚህ እናት ትክክል ናት። አልኮልን በተመለከተ ግን መጠጣትና አለመጠጣት ከእርካታ ጋር ግንኙነት አልተገኘላቸውም። (ከኋላ ያጨበጨባችሁ ወንድሞች ትንሽ ቆዩ፤ ወደ መጠጡ እመለሳለሁ።)

በዚያው ጥናት ውስጥ ብዙ ሰው የማያነሣው፣ እኔ ግን የወደድኩት አንድ ውጤት አለ። የረኩት ተማሪዎች ቆዳቸውን ከፀሐይ የመከላከል ልማድም ነበራቸው። እንግዲህ የፀሐይ መከላከያ ክሬም ተቀብቶ በሕይወቱ የረካ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? የሚቀለው ትርጉም ተቃራኒው ነው፤ ሕይወቱን የወደደ ሰው ራሱን ይጠብቃል። ይህን ከተቀበልን ደግሞ ጥያቄው ወደ ፍራፍሬውም ወደ እንቅስቃሴውም ይዞራል። የሚሮጠው ተማሪ በመሮጡ ነው የረካው ወይስ ስለረካ ነው ጠዋት የመነሣት አቅም ያገኘው? የተከፋ ሰው ከአልጋው መውረድ እንደሚያቅተው ሁላችንም እናውቃለን። እንዲህ ያለ የአንድ ጊዜ መጠይቅ የትኛው መንስኤ፣ የትኛው ውጤት እንደሆነ አይነግረንም። ሬዲዮ ላይ «ጥናት እንዳረጋገጠው» እያሉ ልማድ የሚያስተምሩ ሰዎች ብዙውን ጊዜ የሚዘሉት እዚህ ላይ ነው።

ከዚህ ቋጠሮ መውጫ የሰጡን ስለ ዶርም የተጠኑ ጥናቶች ናቸው። ጓደኛውን ራሱ የመረጠ ተማሪ ከጓደኛው ጋር ቢመሳሰል አይገርምም፤ የመረጠው ስለሚመስለው ነው። የዶርም ጓደኛው በዕጣ የተመደበለት ተማሪ ከተመሳሰለ ግን አብሮ መኖሩ ነው የለወጠው ማለት ይቻላል። ብሩስ ሳከርዶት የተባለው የኢኮኖሚክስ ምሁር በ2001 እ.ኤ.አ. ያወጣው ጥናት በአሜሪካው ዳርትማውዝ ኮሌጅ በዕጣ የተደለደሉ ተማሪዎችን የተከተለ ነበር፤ የዶርም ጓደኛ የትምህርት ውጤትም፣ ወደ ተማሪ ማኅበራት የመግባት ውሳኔም ላይ ተጽዕኖ እንዳለው አሳየ። በ2011 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሦስት ተመራማሪዎች በአሜሪካ የአየር ኃይል አካዳሚ በዕጣ የተመደቡ ዕጩ መኮንኖችን መረመሩ። ደካማ የአካል ብቃት ከጓድ ወደ ጓድ ይተላለፋል፤ ይበልጡን የሚጎትተው ደግሞ ከሁሉ የደከመው ነው አሉ። ልብ በሉ፣ ይህ የሆነው ስፖርት በደወል በሚሠራበት ወታደራዊ ግቢ ውስጥ ነው።

አሁን ወደ መጠጡ ልመለስ። ማይክል ክሬመርና ዳን ሌቪ በአንድ ትልቅ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ባደረጉት፣ በ2008 እ.ኤ.አ. በታተመው ጥናት፣ ኮሌጅ ከመግባቱ በፊት ይጠጣ ከነበረ ልጅ ጋር በዕጣ አንድ ክፍል የደረሰው ወንድ ተማሪ አማካይ ውጤቱ በሩብ ነጥብ ዝቅ ብሎ ተገኘ። በሴቶቹ ላይ ይህ አልታየም። ሩብ ነጥብ ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አላስረዳም፤ ከዲስሚሳል የተረፈና ያልተረፈ ተማሪ ልዩነታቸው ከዚያም ያነሰ ሊሆን ይችላል። ጠጪው ልጅ ስለ እርካታው ቢጠየቅ ደህና ነጥብ ይሞላ ይሆናል። ዋጋውን የከፈለው አጠገቡ የተኛው ነው።

አባቶቻችን ይህን ያለ ጥናት ነው የደረሱበት። ይቅርታ ይደረግልኝና፣ ከአህያ ጋር የዋለች ጊደር ፈስ ተምራ ትመጣለች ይላሉ። ሳቁ፣ ያስቃል። ግን ተረቱ ጊደሯን ይወቅሳል እንጂ ሁለቱን አንድ በረት ያሠራቸውን ሰው አይጠይቅም። በእኛ አገር ብዙ ግቢዎች በረቱን የሚመድበው የስም ዝርዝር ነው። ትምህርት ሚኒስቴር ከቤታችሁ በብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ርቀት ይመድባችኋል፤ ሬጅስትራር ስማችሁን በፊደል ተራ ይደረድራል፤ አበራ፣ አበበ፣ አቤልና አብዱ አንድ ቁልፍ ይሰጣቸዋል። አንዱ ከጎንደር ገጠር፣ አንዱ ከአዳማ፣ አንዱ ከወላይታ፣ አንዱ ከአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ነው የመጣው። አንዱ ቤት ምሽት 3 ሰዓት ላይ መብራት ይጠፋል፤ ሌላው ቤት እስከ ሌሊት ቴሌቪዥን ይጮኻል። የአራቱ ልማድ በአንድ ክፍል ተገናኝቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ አንድ አምስተኛ ልማድ ይወልዳል። ማንም አልመረጠውም፤ ሁሉም ግን ይኖርበታል።

ይህ ከሁሉ በላይ የሚታየው በእንቅልፍ ላይ ነው። በዶርማችሁ ውስጥ ስንት ማብሪያ ማጥፊያ አለ? አንድ። ስንት ሰው አለ? አራት፣ ስድስት፣ አንዳንዱ ጋ ስምንት። ከምሽቱ 4 ሰዓት መተኛት የሚፈልግ ተማሪ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ድረስ ከሚቸክል ጓደኛው ጋር ሲኖር የእንቅልፍ ልማዱን የሚወስነው ማን ነው? ነጠላውን ፊቱ ላይ ጣል አድርጎ ይገላበጣል። ጠዋት 2 ሰዓት ክፍል ሲያንቀላፋ ግን መምህሩ «ሰነፍ» የሚለው እሱን ነው።

ከ18 እስከ 25 ዓመት ላለ ወጣት የሚመከረው እንቅልፍ ከ7 እስከ 9 ሰዓት ነው። ግቢ ውስጥ ግን እንቅልፍ ማጣት ክብር አለው። «ትናንት ስፔስ አነጋሁ» የሚል፣ ማለትም ማንበቢያ ክፍል ያደረ፣ ተማሪ ድምፁን ከፍ አድርጎ ነው የሚናገረው፤ «ትናንት ስምንት ሰዓት ሙሉ ተኛሁ» የሚል ግን እንደ ጥፋት አድርጎ ያንሾካሹካል። በ2019 እ.ኤ.አ. ከማሳቹሴትስ ኢንስቲትዩት ኦፍ ቴክኖሎጂ የወጣው ጥናት እዚህ ላይ ጆሮ የሚሰጠው ነው። በአንድ የመግቢያ ኬሚስትሪ ኮርስ 100 ያህል ተማሪዎች እንቅልፍ የሚመዘግብ የእጅ ሰዓት አሥረው አንድ ሴሚስተር ሙሉ ዋሉ፤ አደሩም። በተማሪዎቹ ውጤት መካከል ከታየው ልዩነት ወደ ሩብ የሚጠጋው ከእንቅልፋቸው መጠን፣ ጥራትና መደበኛነት ጋር ተያይዞ ተገኘ። ከፈተናው በፊት የነበረችው አንዲት ሌሊት ግን ከውጤቱ ጋር ግንኙነት አልነበራትም። የተያያዙት ከፈተናው በፊት የነበሩት ሳምንታት ናቸው። እኛ አገር የሚደረገውን ታውቃላችሁ፤ ሴሚስተሩን ሙሉ በየሌሊቱ እየሸረፍን እንቆይና፣ ፋይናል ሲደርስ አስተዋይ ነኝ የሚለው ተማሪ «ዛሬ እንኳ በደንብ ልተኛ» ይላል። በዚያች ሌሊት የሚካስ ነገር የለም።

ውጤት እርካታ አይደለም የሚል ካለ ልክ ነው። ነገር ግን ያልተኛ ሰው ለዚያ የአምስት ጥያቄ መጠይቅ ምን ዓይነት ዳኛ እንደሚሆን አስቡት። እንቅልፍ ያጣ አእምሮ ይነጫነጫል፤ ያለፈውን ስሕተት ያገዝፋል፤ ከጓደኛው ትንሽ ቃል ትልቅ ንቀት ያነብባል። ከዚህም አልፎ እንቅልፍ ሌላውን ልማድ ሁሉ ተከትሎ ይነካል። ከሌሊቱ 9 ሰዓት የተኛ ተማሪ የካፌው ዳቦ በሻይ ያመልጠዋል። ቁርስ ያመለጠው እስከ ምሳ በባዶ ሆዱ ይቀመጣል፤ ከምሳ በኋላ ዶርም ገብቶ ድብን ብሎ ይተኛል፤ ከሰዓት በኋላ የተኛ ደግሞ ማታ እንቅልፍ እምቢ ይለዋል። በዚህ መሐል ከጓደኞቹ ጋር የሚቆረስ ትሪ፣ የሜዳው ኳስ፣ የማታው ጉባኤ ሁሉ አለፈው። አንድ ሰው «ግቢ ውስጥ ብቸኝነት ይሰማኛል» ሲል አንዳንድ ጊዜ መጠየቅ ያለበት የስንት ጓደኛ ባለቤት እንደሆነ ሳይሆን ስንት ሰዓት ላይ እንደሚነሣ ነው።

ቡናን ሳላነሣ ባልፍ አዳሜ ይታዘበኛል። ካፌይን ሰውነታችን ውስጥ ግማሹ እስኪወገድ በአማካይ አምስት ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። በ2013 እ.ኤ.አ. በታተመ ሙከራ 400 ሚሊግራም ካፌይን፣ ማለትም እንደ ፈረንጅ ስኒ ከሆነ አራት ስኒ ገደማ፣ ከመኝታ ስድስት ሰዓት አስቀድሞ ሲወሰድ እንኳ ከአንድ ሰዓት በላይ እንቅልፍ ቀንሷል። መጠኑ ከበድ ያለ ነው፤ ለፈተና ሰሞን ተማሪ ግን እንግዳ አይደለም። ይህን የምለው ቡና አትጠጡ ለማለት አይደለም። ቡና ከአቦል እስከ በረካ ሰው ከሰው ጋር ተቀምጦ የሚጫወትበት ነገር ነው፤ ለእርካታ ከዚህ የተሻለ ልማድ አላውቅም። ዶርም ውስጥ ያለው ቡና ግን አብዛኛውን ጊዜ ያ አይደለም። ከምሽቱ 3 ሰዓት ብቻውን፣ ሃንዳውት ላይ አጎንብሶ፣ እንቅልፍን ለማባረር የሚጨለጥ ነው። ጀበናውን ወደ ቅዳሜ ከሰዓት መልሱትና ጎረቤት ዶርም ጥሩበት።

ጫቱ ከባድ ነው፤ በጥንቃቄ ልናገር። በሐረር፣ በጅማና በሌሎችም አካባቢዎች ጫት ከሽማግሌዎች ዱዓና ከሠርግ ጋር የኖረ ልማድ መሆኑን አውቃለሁ፤ ስለ እሱ አይደለም የማወራው። ስለ ፋይናሉ ጫት ነው። በቅጠሉ ውስጥ ያለው ዋናው አነቃቂ ካቲኖን ይባላል፤ በ1975 እ.ኤ.አ. በተባበሩት መንግሥታት ቤተ ሙከራ የተለየ ንጥረ ነገር ነው፤ አሠራሩም የአምፌታሚን ዘመድ ነው። ቅጠሉ ከተቆረጠ በሁለት ቀን ውስጥ አብዛኛው ኃይሉ ስለሚከዳው ነው ነጋዴው መኪናውን እንደዚያ የሚያበረው። ተማሪው «ለጥናት ነው» ይላል። ምርቃናው ሲመጣ እውነትም ሁሉ ነገር ቀላል ይመስላል፤ የመመረቂያ ጋዋኑ፣ ሥራው፣ ቤቱ፣ መኪናው ሁሉ በአንድ ማታ ይታቀዳል። በዚያ ሰዓት የዲነርን መጠይቅ ብትሰጡት 35 ከ35 ይሞላል። ችግሩ በማግሥቱ ያው ሰው ነው የሚነቃው፤ ድብርቱ አለ፣ የተቃመበት ገንዘብ የለም፣ ያነበበው ምዕራፍ የት እንደሄደ አይታወቅም። ምርቃናውን ለመስበር ደግሞ ጨብሲ ይፈለጋል፤ ጫቱ መጠጡን ይጠራል። ይህም የብቻ ነገር አይደለም። እኔ እስከማውቀው አዲስ ተማሪ ራሱ ገዝቶ አይጀምርም፤ ዶርም ውስጥ ተዘርግቶ ነው የሚጠብቀው። «ያዝ፣ ለዛሬ ብቻ» የሚለው ሰው ክፉ ሰው አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ ደግና ተጫዋች ሲኒየር ነው። እምቢ ማለት የሚከብደውም ለዚህ ነው።

ስለ ስልክ አጭር እሆናለሁ፤ ከሚገባው በላይ ተወርቶበታልና። ኤሚ ኦርበንና አንድሩ ፕርዚቢልስኪ በ2019 እ.ኤ.አ. የመቶ ሺዎችን ወጣቶች መረጃ መርምረው በዲጂታል መሣሪያ አጠቃቀም የሚብራራው የደኅንነት ስሜት ልዩነት ቢበዛ 0.4 ከመቶ ነው አሉ፤ ድንች ከመብላት ጋር የሚስተካከል ማለታቸው ነበር። በሌላ ሙከራ ደግሞ በ2018 እ.ኤ.አ. ፌስቡክን ለአራት ሳምንት የዘጉ አሜሪካውያን በቀን አንድ ሰዓት ገደማ ተረፋቸው፤ እርካታቸውም አነስ ባለ መጠን ተሻሻለ። እንግዲህ ስልክ ሰይጣን አይደለም። ሃንዳውቱ የሚመጣው በቴሌግራም ነው፤ የእናት ድምፅም በዚያው ነው የሚመጣው። ከቤቱ 700 ኪሎ ሜትር ርቆ ያለ ልጅ ስልኩን እንዲጥል መምከር ጭካኔ ነው። እኔ የምጠላው አንድ ሰዓቱን ነው፤ መብራት ጠፍቶ ብርድ ልብስ ውስጥ ቲክቶክ የሚገላበጥበትን። እሱ የስልክ ጥያቄ ሳይሆን የእንቅልፍ ጥያቄ ነው።

እስካሁን ሁሉን በልማድ ላይ የጫንኩ እንዳይመስላችሁ። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ትምህርት ቤታቸው በኮሮናና በጦርነት ምክንያት ለዓመታት ተዘግቶባቸው የቆዩ ልጆች አሉ። ቤተሰቡ ተፈናቅሎ የት እንዳለ ቶሎ ቶሎ የማያገኝ ተማሪ አለ። ነን ካፌ፣ ማለትም ካፌ የማይመገብ፣ ሆኖ የወር ገንዘቡን ተቀብሎ ግማሹን ለታናሹ የሚልክ አለ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የመውጫ ፈተና መጥቷል፤ አራት ዓመት ተምሮ በአንድ ፈተና ዲግሪውን ላያገኝ እንደሚችል የሚያስብ ተማሪ ከዚያም ቀጥሎ ሥራ የሚባል ጥያቄ ይጠብቀዋል። ይህን ሁሉ የያዘን ልጅ «ፍራፍሬ ብላ» ማለት ድፍረት ነው፤ አንድ ሙዝ በስንት እንደሚሸጥ ግቢው በር ላይ ወጥቶ መጠየቅ ይበቃል። እርካታ ዝቅ የሚለው ሕይወት በእርግጥ ከባድ ስለሆነም ነው፤ ያንን ፍርድ ልክ አይደለህም ብለን ልናስተባብለው አይገባም።

ሴት ተማሪዎችን በተመለከተ ደግሞ አንድ ነገር ለብቻው ላንሣ። ወንዱ ስፔስ አምሽቶ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ብቻውን ወደ ዶርሙ ይመለሳል። ሴቷ በዚያ ሰዓት መብራት በሌለው መንገድ መመለስን ትፈራለች፤ የምትፈራውም ያለ ምክንያት አይደለም። ስለዚህ በጊዜ ወደ ዶርሟ ገብታ እዚያው ታነባለች። የዶርሟ ልጆች ሁሉ እዚያው ያነባሉ። የሴቶች ዶርም መብራት እስከ ሌሊት የሚበራው አንዱ ምክንያት የግቢው መንገድ መብራት አለመብራቱ ነው። ውሃም አለ፤ በአንዳንድ ግቢዎች ውሃ የምትመጣው በሌሊት ነው፤ አንዷ ተረኛ ሆና ጀሪካን ስትሞላ ሌሎቹም በኮቴውና በበሩ ይነቃሉ። ይህን «የተማሪዎች የእንቅልፍ ልማድ ጉድለት» ብሎ ሪፖርት የሚጽፍ ሰው መብራት ኃይልንና ውሃ ክፍልን ነው በተማሪ ስም የሚከስሰው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ከልማድ ጥናቶች አንድ የሚያጽናና ነገር ይዤ መጥቻለሁ። ፊሊፓ ላሊ የተባለች ተመራማሪ በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ከባልደረቦቿ ጋር 96 ሰዎችን ተከታትላ ነበር። እያንዳንዱ ሰው አንዲት ትንሽ አዲስ ነገር መርጦ በየቀኑ ይሠራል፤ ነገሩ ሳይታሰብ በራሱ የሚደረግ እስኪሆን የፈጀው መካከለኛ ጊዜ 66 ቀን ነበር። ለአንዳንዱ 18 ቀን በቃው፤ ለሌላው እስከ 254 ሊደርስ ይችላል ተብሎ ተገመተ። መሐል ላይ አንድ ቀን መዝለል ግን ነገሩን አላፈረሰውም። ስድሳ ስድስት ቀን ከሴሚስተራችሁ ያነሰ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት የተጀመረ ነገር ፋይናል ሳይደርስ የዶርሙ ጠባይ ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

ስለዚህ የማቀርበው ሐሳብ የግል ዕቅድ እንድታወጡ አይደለም፤ በጥር ወር የወጣ የግል ዕቅድ በየካቲት የት እንደሚደርስ እናውቃለን። ዶርማችሁ ይሰብሰብ። አሥራ አምስት ደቂቃ ይበቃል። ዋናው መብራት በስንት ሰዓት እንደሚጠፋ ተስማሙ፤ ከዚያ በኋላ የሚያነብ በእጅ ባትሪ ወይም ስፔስ ሄዶ ያንብብ። ቀድሞ የሚነቃው ሌሎቹን ለቁርስ ይቀስቅስ፤ የሚቆጣም ካለ በስብሰባው ቀን ይናገር። ጫት የማይቅም አንድ ሰው እንኳ ካለ ዶርሙ አይቃምበት፤ ውጭ የሚያደርገው የራሱ ጉዳይ ነው። በሳምንት አንድ ማታ ሁላችሁም አንድ ትሪ ላይ ብሉ። ግቢ ጉባኤ የሚሄደው፣ ጀመዓ የሚሄደው፣ ፌሎውሺፕ የሚሄደው፣ የትም የማይሄደውም። በጾም ቀን ሽሮ ይሁን፤ ሁሉም ይበላዋል። ስምምነቱን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ በሩ ጀርባ ለጥፉት። ያ ወረቀት ይፈርሳል፤ በሁለተኛው ሳምንት አንዱ ይጥሰዋል። ያን ጊዜ እንደገና ተሰብሰቡ እንጂ አትቅደዱት።

መምህራን፣ ከእናንተ የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አሳይመንት የማስረከቢያ ሰዓት ከሌሊቱ 6 ሰዓት አታድርጉ። ከምሽቱ 12 ሰዓት ቢሆን ምን ይጎድላል? ተማሪው እስከ ተሰጠው ሰዓት ድረስ ነው የሚሠራው፤ ሌሊቱን የሰጣችሁት እናንተ ናችሁ።

የተማሪዎች አገልግሎት ኃላፊዎች ደግሞ ሦስት ነገር ላስቸግራችሁ። ከቤተ መጻሕፍት እስከ ሴቶች ዶርም ያለው መንገድ መብራት ይግባለት፤ ጥበቃም ይቁምበት። የካፌው ቁርስ በአንድ ሰዓት ይራዘም። ሦስተኛው ገንዘብ አይጠይቅም፤ አዲስ ተማሪ ሲመዘገብ ስንት ሰዓት እንደሚተኛና በጩኸት ማንበብ ይችል እንደሆነ ሁለት ጥያቄ ጠይቃችሁ ዶርሙን በዚያ ደልድሉት። ብሔሩንና ሃይማኖቱን አትጠይቁት፤ በዚያ ሳይመዳደቡ መቀላቀላቸው ከግቢ ትምህርት ሁሉ የሚበልጠው ትምህርት ነው። የመኝታ ሰዓትን መጠየቅ ግን ማንንም አይከፋፍልም፤ የፊደል ተራው ከሚያደርገው የባሰ ነገርም አይመጣበትም። በሚመጣው ዓመት ምዝገባ በአንድ ብሎክ ብቻ ሞክሩትና ውጤቱን እዚሁ አዳራሽ ንገሩን።

ጊዜዬን ጨርሻለሁ። አሁን ጥያቄ እንቀበላለን፤ ፈቃዳችሁ ከሆነ መድረኩ መጀመሪያ ከሴቶች ዶርም ለመጡት ይሰጥ፤ እነሱ ሳይመሽባቸው መመለስ አለባቸው።